የአባቴ መዝገብ

አባቴ የሠፈራችን እድር ጸሐፊ ሳለ መዝገቡን የምሞላለት እኔ ነበርኩ። ጠንካራ ሽፋን ያለው ባለመስመር መዝገብ ነው፤ ለአንድ አባል አንድ ረድፍ። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ከተማ፣ ከዚያ «ቤተሰብ» የሚል ሰፊ ዓምድ። ሚስት፣ ልጆች፣ እናት፣ አባት፣ አማት በነጠላ ሰረዝ እየተለዩ እዚያው ይታጨቃሉ።

ያ ዓምድ የእድሩ ልብ ነበር። ከተማችንን አዳማን ያሳደጋት በ1909 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር ነው፤ በ1946 ደግሞ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ሰው ከየአገሩ መጣ። ዘመዱ የራቀበትን የሚቀብረው ጎረቤቱ ነው፤ የሚከፈለው ገንዘብም እንደ ሟቹ ዝምድና ይለያያል።

አንዲት እናት ሦስት ልጆቿ የእድሩ አባላት ነበሩ። ስሟ በሦስቱም ረድፍ ተጽፏል፤ በታናሽየዋ ላይ ግን በክርስትና ስሟ። የሞተች ዕለት ድንኳን ተተክሎ ሳለ «ይህች እናትሽ አይደለችም» ተብሎ የልጅቱ ገንዘብ ተያዘ። ሠፈሩ ሁሉ ቡናዋን የጠጣላት ሴት! አባቴ ያን ሌሊት አልተኛም።

ከዓመታት በኋላ፣ ዳታቤዝ ስማር፣ የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመውን ጽሑፍ አነበብኩ። ምሳሌው ሠራተኛ ነው፤ በረድፉ ውስጥ የልጆቹ ዝርዝርና የሥራ ታሪኩ፣ በሥራ ታሪኩም ውስጥ የደመወዙ ታሪክ ተሸጉጧል። ኮድ እያንዳንዱን አውጥቶ የራሱ ሠንጠረዥ ይሰጠዋል፤ የሠራተኛውን ቁጥር ያስይዘዋል። ኖርማላይዜሽን ያለው ይህን ነው። የአባቴን መዝገብ ያየ ሰው መሰለኝ።

የከተማው ስምም እንደ እናትየዋ ስም ተደጋግሞ የተጻፈ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ያወጡት «ናዝሬት» በየረድፉ ተጽፎ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዳማ የሚለው ስም በይፋ ሲመለስ አባቴ እየሰረዘ ጻፈ፣ ደከመውና ተወው። ግማሹ መዝገብ ናዝሬት፣ ግማሹ አዳማ ሆኖ ቀረ። ስሙ አንድ ቦታ ብቻ ቢቀመጥ አንድ ጭረት ይበቃ ነበር።

መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ በሦስት ሠንጠረዥ፦ አባላት፣ ሰዎች፣ ዝምድና። ሆኖም አባቴ አልተሳሳተም እላለሁ። ሌሊት ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊው የሚፈልገው ሦስት ሠንጠረዥ ሳይሆን የዚያን ቤት ሰዎች በአንድ ገጽ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዦቹን አገናኝቼ ልክ በአባቴ መዝገብ መልክ አትምለታለሁ።

እናትየዋ አሁን «ሰዎች» ውስጥ አንድ ረድፍ አላት፤ ሁለቱም ስሞቿ ተጽፈዋል። ከእርሷ ወደ ሦስቱ ልጆቿ ሦስት የዝምድና ረድፎች ይሄዳሉ። ታናሽየዋን ጠርቼ አሳየኋት።