ተንቀሳቃሽ ቤት ከመግዛት በፊት የክብደት ሰሌዳውን ማንበብ

ዱባይ፦ ሙቀቱ በሚቀንስባቸው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ከአል ሪጋና ከሌሎች የከተማዋ ሰፈሮች ተነሥተው ወደ ሐታ ተራሮች ወይም ወደ ጀበል ጃይስ የሚጓዙ ቤተሰቦች አሉ። ከእነዚህም መካከል አንዳንዶቹ አልጋ፣ ማእድ ቤትና መታጠቢያ ያለው ያገለገለ ተንቀሳቃሽ ቤት ለመግዛት ያስባሉ። ገዢው በመጀመሪያ የሚቈጥረው አልጋውን ነው፤ ተሽከርካሪው ያን ያህል ሰው ከነጓዙ መሸከም መቻሉን የሚናገረው ግን አምራቹ የለጠፈው የክብደት ሰሌዳ ነው።

መሠረታዊዎቹ ቍጥሮች

ከፍተኛው ጠቅላላ ክብደት ተሽከርካሪው ከሰው፣ ከነዳጅ፣ ከውኃና ከዕቃ ጋር ሊያልፈው የማይገባው ወሰን ነው። ከዚህ ላይ ባዶ ክብደቱ ሲቀነስ የመጫን አቅሙ ይገኛል። «ባዶ» የሚለው ቃል ትርጕም ግን እንደ አምራቹ አገር ይለያያል። በአውሮፓ አሠራር 75 ኪሎ የሚገመት ሾፌርና 90 በመቶ የተሞላ የነዳጅ ጋን በውስጡ ይቈጠራሉ። በአሜሪካ ሥሪት ላይ ደግሞ የሰውና የዕቃ ክብደት በአንድነት በፓውንድ ይጻፋል፤ 1,500 ፓውንድ 680 ኪሎ ያህል ነው።

ስሌቱ በምሳሌ

ጠቅላላ ወሰኑ 3,500፣ ሰውና ውኃ ሳይጨምር ባዶ ክብደቱ 2,950 ኪሎ የሆነ ተሽከርካሪ እንውሰድ። ቀሪው 550 ኪሎ፣ ማለትም አምስት ኩንታል ተኩል ነው። አራት ሰዎች 300 ኪሎ፣ 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ፣ የጋዝ ሲሊንደር 25 ኪሎ፣ የጥላ ድንኳን 30 ኪሎ ቢመዝኑ 95 ኪሎ ይቀራል። የቀድሞው ባለቤት የጨመረው አየር ማቀዝቀዣና ባትሪ 60 ኪሎ ከሆኑ ለምግብ፣ ለልብስና ለመኝታ የሚተርፈው 35 ኪሎ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰው ዘጠኝ ኪሎ እንኳ አይደርስም።

አክስልና ጎማ

ጠቅላላው ክብደት በወሰኑ ውስጥ ሆኖ ሳለ አንዱ አክስል ከልክ በላይ ሊጫን ይችላል። ከኋላ አክስል አልፎ የሚንጠለጠል ጭነት ኋላውን ከራሱ ክብደት በላይ ይጫነዋል፤ የፊቱን ደግሞ ያቀልለዋል፤ መሪውም ይላላል። በጎማው ጎን የተጻፈው የጭነት መለያም መታየት አለበት፤ ለምሳሌ 112 የሚለው ጎማው 1,120 ኪሎ እንደሚችል ያመለክታል። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማ በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ይበልጥ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የፍሬን መያዣው ርቀትም ይረዝማል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

በሙልኪያው ላይ የሠፈረው ክብደት ከአምራቹ ሰሌዳ ጋር ይመሳከር። ተሽከርካሪው ውኃና ነዳጅ ሞልቶ በከባድ መኪና ሚዛን ላይ፣ እያንዳንዱ አክስል ለየብቻ ይመዘን። ሻጩ «ባሌስትራ ተጨምሮበታል» ቢል፣ ባሌስትራ አካሉን ከፍ ያደርግ እንደሆነ እንጂ የፍሬኑንና የጎማውን አቅም አይለውጥም። አቅሙ ጠባብ ከሆነ ውኃውን ከመድረሻው አቅራቢያ መሙላት ይቻላል፤ ልዩነቱ ከዚህ የሚሰፋ ከሆነ ግን ሌላ ተሽከርካሪ መፈለግ ይሻላል።