የኤንጂን ክዳን ክሮም ልባጥ

የኤንጂን ክዳን ክሮም ልባጥ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ኤንጂን የውጭ ክዳኖችን ፈትቶ በኤሌክትሪክ ጅረት አማካኝነት ስስ የክሮም ሽፋን የማልበስ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ የቀረበው ባለ አራት ሲሊንደር ሆንዳ ሲቢ750 ክዳኖቹ ከአሉሚኒየም የተሠሩ በመሆናቸው ጥሩ ምሳሌ ነው።

አፈታት

የፍሪሲዮኑ ክዳን ከመከፈቱ በፊት የኤንጂኑ ዘይት ይፈሳል። ብሎኖቹ በጊዜ ብዛት ስለሚጣበቁ ጭንቅላታቸው እንዳይላጥ በመዶሻ በሚመታ ካቻቪቴ ይላላሉ። ርዝመታቸው ስለሚለያይም እያንዳንዱ የወጣበት ቦታ ይመዘገባል። ክዳኑ በስለት ተፈልቅቆ ከወጣ የመግጠሚያ ፊቱ ይቧጨርና በኋላ ዘይት ያንጠባጥባል።

አለባበጥ

አሉሚኒየም አየር ሲያገኘው ወዲያው በኦክሳይድ ስለሚሸፈን ክሮም በቀጥታ አይይዝበትም። ስለዚህ ክዳኑ ጸድቶና ተወልውሎ በቅደም ተከተል በዚንክ፣ በመዳብ፣ በኒኬልና በመጨረሻም በክሮም ይለበጣል። አብዛኛውን ጊዜ የክሮሙ ውፍረት ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ሲሆን ከዝገት በዋናነት የሚከላከለው ኒኬሉ ነው። ልባጥ ጭረትን ስለማይደብቅ ውበቱ የሚወሰነው በመወልወሉ ጥራት ነው። የጓርኒሲዮን መቀመጫውና የብሎን ጥርሶቹ እንዳይለበጡ አስቀድመው ይሸፈናሉ።

የጤና አደጋ

በተለመደው የክሮም መንከሪያ ውስጥ ያለው ሄክሳቫለንት ክሮሚየም በትንፋሽ ሲገባ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። በመሆኑም ልባጡ የጭስ መሳቢያና የፍሳሽ ማጣሪያ ባለው ፋብሪካ እንጂ በመኖሪያ ቤት መሠራት የለበትም።