ኬሚስትን በቁጥር መመዘን እንዴት ተጀመረ?

እስቲ ጉግል ስኮላርን ክፈቱና የአንድ የኬሚስትሪ መምህራችሁን ስም ጻፉ። የራሳቸው ገጽ ካላቸው አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ታገኛላችሁ። ሦስት መስመር ብቻ ናት፦ ሳይቴሽን፣ ኤች-ኢንዴክስ፣ አይ-ቴን ኢንዴክስ። ሳይቴሽን ማለት ሌሎች ተመራማሪዎች የእሳቸውን ሥራ በጽሑፋቸው ስንት ጊዜ እንደጠቀሱ የሚነግር ቁጥር ነው። የሠላሳ ዓመት ሥራ በሦስት መስመር!

እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው። መለኪያ መሣሪያ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "ይሄ ነገር የሚለካው ምንድን ነው? ማን፣ ለምን ሥራ ብሎ ሠራው?" ብዬ ነው። ለጎማ የተሠራ የአየር መለኪያ ይዛችሁ የደም ግፊት ልለካ ብትሉ የሚሆነውን አስቡት። ጥያቄው ለእኔ ደግሞ የወሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የድህረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፤ ነገ ሥራ ስፈልግ የጻፍኩት ከመነበቡ በፊት የሚታየው ያቺ ሠንጠረዥ ናት። ስለዚህ ታሪኳን ወደ ኋላ ተከትዬ ሄድኩ። በየመታጠፊያው ያገኘሁት ኬሚስት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው መታጠፊያ 1927 ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሞና ኮሌጅ የሚባል ትንሽ ኮሌጅ አለ። እዚያ የነበሩ ግሮስ እና ግሮስ የሚባሉ ሁለት ጸሐፊዎች አንድ ተራ ችግር ገጠማቸው፦ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ገንዘቡ ውስን ነው፣ የኬሚስትሪ ጆርናሎች ደግሞ ብዙ ናቸው። የትኞቹ ይገዙ? ሽማግሌ ፕሮፌሰሮችን መጠየቅ ይቻል ነበር። ግን እያንዳንዱ የሚወደውን ነው የሚጠራው። እነሱ ሌላ መንገድ መረጡ። የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ ጆርናልን የ1926 ዕትሞች ወሰዱና ከየጽሑፉ ግርጌ ያሉትን ዋቢዎች አንድ በአንድ ቆጠሩ። 3,633 ዋቢዎች፣ 247 የተለያዩ ጆርናሎች። ከዚያ ብዙ የተጠቀሰውን ከላይ፣ ጥቂት የተጠቀሰውን ከታች አድርገው ደረደሩ። የጀርመን ጆርናሎች ከፍ ብለው ስለወጡም የኬሚስትሪ ተማሪ ጀርመንኛ ማንበብ እንዳለበት ከዝርዝሩ ግልጽ ሆነ። ውጤቱ ሳይንስ መጽሔት ላይ ታተመ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የተቆጠረው ጆርናል ነው፣ ሰው አይደለም። ጥያቄውም የቤተ መጻሕፍት በጀት ጥያቄ ነበር። ለዚያ ጥያቄ ቆጠራው በእርግጥ ጥሩ መልስ ነው።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ዩጂን ጋርፊልድን እናገኛለን። በ1925 ኒው ዮርክ ተወለደ፤ በ1949 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመረቀ። ልቡ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ አልቀረም፤ ከሳይንሱ ይልቅ የሳይንሱ ጽሑፍ የሚገኝበት መንገድ ነበር የሚያስጨንቀው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ጽሑፎችን በማሽን ለማውጫ የማዘጋጀት ሙከራ ላይ ሲሠራ፣ ዊልያም አዴር ከሚባል ጡረተኛ ደብዳቤ ደረሰው። ሰውየው ሼፐርድስ ሳይቴሽንስ በሚባል ድርጅት ውስጥ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረ ነው።

ሼፐርድስ የጠበቆች መጽሐፍ ነው፤ ከ1873 ጀምሮ ይታተም ነበር። በአሜሪካ ሕግ የትናንት ፍርድ ለዛሬው ፍርድ መሠረት ስለሚሆን፣ ጠበቃው አንድን የድሮ ፍርድ ይዞ ችሎት ከመቆሙ በፊት ያ ፍርድ እስከ ዛሬ መጽናቱን ማወቅ አለበት። በኋላ የመጣ ፍርድ ቤት ሽሮት ቢሆንስ? መጽሐፉ ያንን ያሳያል፦ ይህን ፍርድ በኋላ ማን ጠቀሰው፣ አጸናው ወይስ ሻረው። ይህችን "አጸናው ወይስ ሻረው" የምትለዋን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጋርፊልድ ነገሩ ገባው። አንድ የ1950 የምርምር ጽሑፍ እጃችሁ ላይ ካለ፣ ከግርጌው ያሉት ዋቢዎች ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚወስዷችሁ። ወደ ፊት ግን? ያንን ጽሑፍ በ1955 ማን ተጠቀመበት? ማንስ ስህተት አገኘበት? በ1955 ይህንኑ ሐሳብ በሳይንስ መጽሔት ጻፈ፤ ተጽዕኖን ለማየትም ሊረዳ ይችላል የሚል ሐሳብ ጣል አድርጓል። ዋናው ነገር ግን ፍለጋ ነበር። በ1960 ፊላደልፊያ ላይ የሳይንሳዊ መረጃ ኢንስቲትዩትን መሠረተ። በ1961 የዶክትሬት ዲግሪውን ሲያገኝ (ትምህርቱ የቋንቋ ጥናት ነው!) የመመረቂያ ሥራው የኬሚካሎችን ስም ወደ ሞለኪዩል ቀመር በማሽን መቀየር ነበር። ኬሚስትሪው አልለቀቀውም። የ1961ን ጽሑፎች የያዘው የመጀመሪያው የሳይንስ ሳይቴሽን ኢንዴክስ 613 ጆርናሎችንና 1.4 ሚሊዮን ሳይቴሽኖችን ይዞ ወጣ።

እንግዲህ አንድ ጊዜ ይህን ያህል ቁጥር ከተሰበሰበ በኋላ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጋርፊልድና አብሮት የሠራው አርቪንግ ሼር ትንንሽ ጆርናሎች በትልልቆቹ ተውጠው እንዳይቀሩ አንድ ሒሳብ ሠሩ፤ ዛሬ ኢምፓክት ፋክተር የምንለው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ጆርናል በ2007 እና በ2008 ያወጣቸው ጽሑፎች በ2009 ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ቁጠሩ፣ በጽሑፎቹ ብዛት አካፍሉ፤ የ2009 ኢምፓክት ፋክተር ወጣ። በቃ አማካይ ነው። አማካይ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ታውቃላችሁ፦ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ቢሊየነር ቢገባ ሁላችንም "በአማካይ" ሀብታም ነን።

ቢሊየነሩ በ2008 ገባ። ጆርጅ ሼልድሪክ የጀርመን ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ነበሩ። ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ አልፎ ከሚሠራው ምስል ተነስቶ አቶሞቹ የት የት እንደተቀመጡ የሚያሰላ ሼልኤክስ የሚባል ፕሮግራም ጻፉ፤ በዓለም ያሉ ኬሚስቶች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተጠቅመውበታል። በ2008 የፕሮግራሙን አጭር ታሪክ በአክታ ክሪስታሎግራፊካ ክፍል ኤ ላይ አሳተሙና፣ ፕሮግራሙን የተጠቀመ ሰው ይህን ጽሑፍ ሊጠቅስ ይችላል ብለው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩ። ሁሉም ጠቀሰ። የጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር በአንድ ዓመት ከ2.051 ወደ 49.926 ዘለለና ኔቸርን አልፎ ሄደ። ጽሑፉ ከሁለት ዓመቱ መስኮት ሲወጣ ቁጥሩ ተመልሶ ወደ ሁለት አካባቢ ወረደ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት እዚያ ጆርናል ላይ ያሳተመ ወጣት ተመራማሪ ሲቪው ላይ "ኢምፓክት ፋክተር 50" ብሎ መጻፍ ይችል ነበር፤ ውሸትም አይደለም። የራሱን ሥራ ግን አንድም ሰው አላነበበው ይሆናል።

መሣሪያና ዘዴ እንደዚህ ነው፤ ይጠቀሳል። በ1951 ኦሊቨር ላውሪና ባልደረቦቹ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል ፕሮቲን እንዳለ የሚለካ ዘዴ አሳተሙ። ኔቸር በ2014 ከሁሉም በላይ የተጠቀሱ መቶ ጽሑፎችን ሲዘረዝር አንደኛ የወጣው ይሄው ነው፤ ከ305,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ላውሪ ራሱ ታላቅ ሥራ ነው ብሎ አያምንም ነበር። መቶዎቹ ውስጥ ለመግባት ቢያንስ 12,119 ጊዜ መጠቀስ ያስፈልጋል፤ ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ ያሳወቁበት ጽሑፍ አልገባም!

እስካሁን የተመዘነው ጆርናልና ጽሑፍ ነው። ሰውን በአንድ ቁጥር ለመመዘን የመጣው ደግሞ ፊዚሲስት ነው። በ2005 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የሚሠራው ሆርሄ ሂርሽ ኤች-ኢንዴክስን አቀረበ። ጽሑፎቻችሁን በተጠቀሱበት ብዛት ደርድሩ፤ አሥር ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ ከተጠቀሱ፣ አሥራ አንድ ጽሑፎች ግን አሥራ አንድ አሥራ አንድ ጊዜ ካልሞሉ፣ ኤች-ኢንዴክሳችሁ 10 ነው። አንድ ጽሑፍ ብቻ ጽፎ መቶ ሺህ ጊዜ የተጠቀሰ ሰው ኤች-ኢንዴክሱ 1 ነው።

ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ኬሚስቶች ተደረደሩ። በ2007 ኬሚስትሪ ወርልድ መጽሔት በሕይወት ያሉ ኬሚስቶችን በኤች-ኢንዴክስ ቅደም ተከተል አወጣ። የሃርቫርዱ ጆርጅ ኋይትሳይድስ በ135 አንደኛ፣ ኢላያስ ጄምስ ኮሪ በ132 ሁለተኛ። ኮሪ በ1990 ኖቤል የወሰደ ነው፤ ኋይትሳይድስ ኖቤል የለውም። ታዲያ ማን ይበልጣል? እኔ ጥያቄው ራሱ ትርጉም ያለው አይመስለኝም። ሂርሽም በ2020 በጻፈው ጽሑፍ መለኪያው ክፉኛ ሊስትና ያላሰበውን ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ማመኑን ገልጿል።

አሁን ስለምወደው ሰው ልንገራችሁ። ኮይቺ ታናካ የኤሌክትሪክ ኢንጂነር ነው፤ በ1983 ከቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቆ ኪዮቶ በሚገኘው ሺማድዙ የሚባል መሣሪያ አምራች ኩባንያ ገባ። ዶክትሬት አልነበረውም። የተሰጠው ሥራ ትልልቅ የፕሮቲን ሞለኪዩሎችን ሳይሰበሩ በሌዘር አስነስቶ ክብደታቸውን መለካት ነው። ችግሩ ሌዘር ሲመታቸው ይሰባበራሉ። በ1985 አንድ ቀን በጣም የላመ የኮባልት ዱቄት በአሴቶን መቀላቀል ሲገባው ተሳስቶ ግሊሰሪን ጨመረበት። ስህተቱን አየ፤ መጣሉ ግን አሳዘነው፤ ዱቄቱ ውድ ነው። "እስቲ ይሞከር" ብሎ ሌዘሩ ላይ አደረገው። ሞለኪዩሉ ሳይሰበር ተነሳ።

ይህን በ1988 በእንግሊዝኛ አሳተመ። በዚያው ጊዜ ሁለት ጀርመናውያን፣ ፍራንዝ ሂለንካምፕና ሚካኤል ካራስ፣ ለተመሳሳይ ችግር የተሻለ ዘዴ ሠርተው ነበር፤ ላቦራቶሪዎች የወሰዱት የእነሱን ነው፣ የሚጠቀሱትም እነሱ ናቸው። በ2002 ግን የኬሚስትሪ ኖቤል ሲታወቅ ከተሸላሚዎቹ አንዱ የ43 ዓመቱ ታናካ ሆነ፤ በሌዘር ትልልቅ ፕሮቲኖችን ማንሳት እንደሚቻል ቀድሞ ያሳየው እሱ ነው ተባለ። ጋዜጠኞች ፊት የቀረበው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነበር። ውሳኔው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በእኔ አስተያየት ሁለቱ ጀርመኖችም ይገባቸው ነበር። ሠንጠረዧን ብቻ የሚያይ ኮሚቴ ግን የታናካን ስም ከነጭራሹ አያነሳውም።

ቁጥር ዋጋ ሲያወጣ ገበያ ይከተላል። በ2003 የጀመረው የሻንጋይ ደረጃ ዩኒቨርሲቲዎች ምን ያህል "በብዛት የተጠቀሱ ተመራማሪዎች" እንዳሏቸው ይቆጥራል። በ2011 ሳይንስ መጽሔት እንደዘገበው የሳዑዲ ዩኒቨርሲቲዎች ውጭ አገር ላሉ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ገንዘብ እየከፈሉ ስማቸው ከዩኒቨርሲቲው ጋር እንዲጻፍ ያደርጉ ነበር። በ2023 ደግሞ አንድ በብዛት የሚጠቀስ የስፔን ኬሚስት በአገሩ ቋሚ ሥራ ይዞ ሳለ ለሳዑዲና ለሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎች በመሥራቱ ለ13 ዓመት ያለ ደመወዝ መታገዱ ተሰማ።

የእኛ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። የመረጃ ቋቶቹ ስምን የሚያነቡት የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርገው ነው። እኛ ቤት የመጨረሻው የአባት ወይም የአያት ስም ነው። ስለዚህ ሥራው እናንተ የሠራችሁት ሆኖ ማውጫው ውስጥ የምትገቡት በአባታችሁ ስም ነው፤ የእናንተ ስም ወደ አንድ ፊደል ያጥራል። ተስፋዬ የሚባል አባት ያላቸው፣ ስማቸው በ"አ" የሚጀምር ተመራማሪዎች ስንት ናቸው? ሁሉም አንድ ሰው ይመስላሉ። "ፀ" እና "ኀ" በላቲን ፊደል በሁለት በሦስት መንገድ ሲጻፉ ደግሞ አንዱ ሰው ሦስት ይሆናል፤ ኤች-ኢንዴክሱም ይበታተናል። ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል ለየተመራማሪው የሚሰጥ ነፃ መለያ ቁጥር አለ። የመጀመሪያ ጽሑፋችሁን ከመላካችሁ በፊት አውጡት፤ እኔ ዘግይቼ ነው ያወጣሁት።

የእኔ ሠንጠረዥ ዛሬ አራት ሳይቴሽን ያሳያል። አንዱ ራሴን የጠቀስኩት ነው። ሁለቱ በመግቢያ አንቀጽ ውስጥ ከሌሎች አሥር ስሞች ጋር ተደርድሬ ነው። አራተኛውን ሳየው ደስ ብሎኝ ከፍቼ አነበብኩት። የጠቀሱኝ ሙከራዬን ደግመው ሲሠሩ የሙቀት ቁጥጥሬ የተሳሳተ መሆኑን ስላገኙ ነው፤ ትክክል ናቸው። በጠበቆቹ መጽሐፍ ቢሆን "ተሽሯል" የሚል ምልክት ከጎኑ ይቀመጥበት ነበር። እዚህ ግን አንድ ተብሎ ተደምሮልኛል።