ከምድር በታች የታሰበው መብረቅ

እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ ቻርልስ ዊልሰን የተባለው የ26 ዓመት ስኮትላንዳዊ በካርን ሞር ዴርግ ተራራ ራስ ላይ ሳለ፣ የራሱ ጠጕር በድንገት ተነሥቶ ቢቆምበት፣ የሚከተለውን ሳይጠብቅ ቍልቍል ሮጦ ወረደ። መሸሹ መልካም ነበረ፤ ጌዮርግ ሪችማን በ1753 በፒተርስቡርግ በቤቱ ውስጥ፣ ከጣራው ካወረደው የብረት ዘንግ አጠገብ ቆሞ ሲመረምር፣ መብረቅ ገድሎታልና።

ስለዚህ ዊልሰን መብረቅን ከሩቅ መመርመርን መረጠ። በኬምብሪጅ፣ ከመሬት ገጽ ጋራ በተስተካከለ ሰሌዳ፣ በብልጭታው ቅጽበት የኤሌክትሪክ መስኩ ምን ያህል እንደ ተለወጠ እየለካ፣ ርቀቱንም ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ድምፅ ባለው ጊዜ እያሰላ ብዙ ከደከመ በኋላ፣ በ1920 ባሳተመው ድርሳን፣ አንድ መብረቅ 20 ኩሎም ያህል ሙል እንደሚያፈስ ገመተ። የስሌቱ መሠረት ዊልያም ቶምሰን አስቀድሞ ያወጣው የአምሳል ጥበብ ነው። ምድር ኤሌክትሪክን የምታሳልፍ ስለ ሆነች፣ በደመናው ያለው ሙል፣ ዛፍ በጸጥተኛ ኵሬ ተገልብጦ እንደሚታይ፣ ከምድር በታች በከፍታው ልክ ጥልቀት፣ ምልክቱ ተቃራኒ የሆነ አምሳል እንዳለው ተቈጥሮ የሁለቱ መስክ ይደመራል። በዚያ ጥልቀት በእውነት ምንም የለም፤ ነገር ግን በሌለው ነገር ያለውን መለካት መቻሉ፣ ለእኔ ከፊዚክስ ጥበባት ሁሉ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

መብረቅ ግን የቆመ ሙል ብቻ ሳይሆን ከምድር ወደ ላይ የሚሮጥ ጅረት ነውና፣ ኡማን፣ ማክሌይንና ክራይደር በ1975 መስኩን በሦስት ክፍል አስልተው ጻፉ፤ አንደኛው በርቀት ኩብ፣ ሁለተኛው በርቀት ካሬ፣ ሦስተኛው፣ ሞገድ ሆኖ የሚሄደው፣ በርቀት ብቻ ይቀንሳል። እነርሱም ምድርን እንደ ጥሩ መስተዋት ቈጠሯት።

ደረቅ አሸዋ ግን ጥሩ መስተዋት አይደለም። ሶመርፌልድ በ1909 ስለ ራዲዮ ሞገድ እንዳሳየው፣ አፈር የሚያልፍበትን ሞገድ ኀይል ይቀንሳል፤ በጥሩ መስተዋት ላይ ሊኖር የማይችል አግድም መስክም በገጹ ላይ ይፈጠራል። ይህ መስክ፣ ትንሽ ቢሆንም፣ በረዥም የስልክና የመብራት ሽቦ ላይ ተጠራቅሞ አደጋ ስለሚያመጣ፣ ኩሬይ በ1992፣ ሩቢንስታይንም በ1996 የሚሰላበትን አጭር ቀመር አወጡ። ዊልሰን ይህን ሁሉ አላየም፤ ሆኖም በ1956፣ በ87 ዓመቱ፣ ስለ ነጎድጓድ ደመና ኤሌክትሪክ ገና ይጽፍ ነበር።