ቡችላ ትምህርት ቤት የገባበት ዘመን

ከሃምሳ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው የሁለት ወር ቡችላውን አቅፎ ወደ ውሻ ማሠልጠኛ ቢሄድ፣ የሚጠብቀው መልስ የታወቀ ነበር፦ «ስድስት ወር ሲሞላው ይዘኸው ና።» ዛሬ እኔ በምኖርበት በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ፣ ስምንት ሳምንት የሞላው ቡችላ ቅዳሜ ጠዋት ከባለቤቱ ጋር ክፍል ይገባል። ውሻው ያው የድሮው ውሻ ነው። የተለወጠው አሠልጣኙ በእጁ የሚይዘው ነገር ነው። ሰንሰለት የያዘ እጅ ቡችላው አድጎ አንገቱ እስኪጠነክር መጠበቅ ነበረበት፤ ምግብ የያዘ እጅ ግን የሚጠብቀው ነገር የለም።

እኔ በሳምንቱ ቀናት በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ረዳት ነኝ፤ ቅዳሜ ደግሞ የቡችሎች ክፍል አግዛለሁ። አሁን አሁን የእኛ ሰዎችም ይመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ የተወለዱት ልጆቻቸው ጎትተዋቸው። አባትየው ከበሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ይቆምና «ለውሻ ደግሞ ምን ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል?» ይለኛል። ጥያቄው መልስ ይገባዋል፤ መልሱ ደግሞ ታሪክ ነው።

ውሻን ማስተማር ራሱ ጥንታዊ ነው። እረኛውም አዳኙም ከአባቱ ያየውን ይዞ ያስተምር ነበር። ሥልጠናውን ደረጃ በደረጃ በመጽሐፍ ካሰፈሩት ቀዳሚዎች አንዱ ኮንራድ ሞስት የሚባል ጀርመናዊ ነው። ሞስት በዛርብሩከን ከተማ ፖሊስ ውስጥ ሲያገለግል በ1906 የፖሊስ ውሾችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1910 መጽሐፉን አሳተመ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ውሻ እንደ ሰው ጽድቅና ኃጢአትን ለይቶ አይታዘዝም፤ የሚማረው ሥራው ካስከተለለት ደስታ ወይም ካመጣበት ሕመም ነው ሲል አስተማረ። ለዘመኑ ይህ ትልቅ ማስተዋል ነበር። ይሁንና የተማሪዎቹ ሥራ ወንጀለኛ ማሳደድና ጦር ሜዳ መዋል ስለነበር፣ ከደስታው ይልቅ ማስገደዱ ጎላ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ጦር በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ውሾች ሲያሰልፍ፣ ይህ ወታደራዊ አሠራር የሙያው መሠረት ሆነ።

ሥልጠናውን ከጦር ሰፈርና ከፖሊስ ጣቢያ አውጥታ ወደ ተራው ሰው ቤት ያመጣችው አሜሪካዊቷ ሄለን ዋይትሃውስ ዎከር ናት። ዎከር በኒው ዮርክ ግዛት ፑድል የሚባሉትን ጸጉረ ጥቅልል ውሾች ታረባ ነበር። ሰዎች ፑድልን ጌጥ እንጂ ውሻ አይሉትም ነበርና፣ አእምሮውን ለማሳየት በእንግሊዝ አገር የነበረውን የታዛዥነት ፈተና ወደ አገሯ አመጣች። በጥቅምት 1933 በማውንት ኪስኮ የመጀመሪያው ፈተና ተካሄደ። የቀረቡት 8 ውሾች ነበሩ፦ ሦስት ፑድሎች፣ ሁለት ላብራዶሮች፣ ሁለት ስፕሪንገር ስፓኒየሎችና አንድ ጀርመን ሼፐርድ። ከባለቤቱ ጎን ሳይርቅ መሄድ፣ ሲጠራ መምጣት፣ ቁጭ ወይም ተኛ ሲባል ባለበት መቆየት፣ የተጣለ ዕቃ አንሥቶ ማምጣት፤ ፈተናው ይህን የመሰለ ነበር። በ1936 የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ለፈተናው ደንብ አውጥቶ ተቀበለው።

ዎከር ብላንች ሶንደርስ የምትባል ወጣት ረዳት ነበረቻት። በ1937 ሁለቱ ሴቶች ፑድሎቻቸውን ይዘው፣ ከመኪናቸው ኋላ ተጎታች ቤት አስረው፣ 10,000 ማይል ገደማ በአሜሪካ ምድር ተጓዙ። በደረሱበት ከተማ ሁሉ ውሻ ምን ሊማር እንደሚችል በሕዝብ ፊት አሳዩ። ቆይቶም ሶንደርስ በኒው ዮርክ ለተራው ባለውሻ በቡድን የሚሰጥ ትምህርት አስፋፋች። ዛሬ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከአሥር ሰዎች ጋር ክብ ሠርተን ስንቆም፣ የምንቆመው እነዚህ ሁለት ሴቶች ባቆሙት ሥርዓት ላይ ነው። ያለ መንግሥት ትእዛዝ፣ በመኪናና በትዕግሥት አንድን ልማድ ባሕር ከባሕር ማዳረስ ለእኔ ታላቅ ሥራ ነው።

ክፍሉ ተከፈተ፤ ቡችላው ግን ገና ውጭ ነበር። ምክንያቱ መሣሪያው ነው። የዘመኑ ዋና መሣሪያ ሲሳብ አንገት ላይ የሚጠብቅ፣ ሲለቀቅ የሚላላ ሰንሰለት ነበር። በ1962 ዊልያም ኮለር ያሳተመው መጽሐፍ ይህን መንገድ እስከ መጨረሻው ወሰደው። ኮለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር ውሾችን ያሠለጠነ፣ በካሊፎርኒያም በሺህ ለሚቆጠሩ ባለውሾች ትምህርት የሰጠ ሰው ነው። በእሱ ዘዴ ባለቤቱ ረጅም ገመድ ይዞ ድምፅ ሳያሰማ ይራመዳል፤ ድንገት ፊቱን አዙሮ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ልቡ ሌላ ጋ የነበረው ውሻ ገመዱ ሲወጠር አንገቱን ይሳባል። ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመበት ዓይኑን ከባለቤቱ ላይ አያነሣም። ዘዴው ውጤት ነበረው፤ ያንን መካድ ትክክል አይሆንም። ነገር ግን አጥንቱ ባልጠነከረ የሁለት ወር ቡችላ አንገት ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ስድስት ወር ተጠበቀ። ውሻው በእነዚያ ወራት ሰው ላይ መዝለልን፣ ገመድ መጎተትን፣ እንግዳ መፍራትን ተምሮ ይጨርስና፣ ትምህርት ቤት የሚገባው የተማረውን በሰንሰለት ሊያስጥሉት ይሆናል።

የመጠበቁን ጉዳት ያሳዩት ተመራማሪዎች ናቸው። በሜን ግዛት ባር ሃርበር በሚባል የባሕር ዳር ከተማ፣ በጃክሰን ላቦራቶሪ፣ ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የአምስት ዝርያ ውሾችን ከተወለዱ ጀምሮ ለዓመታት አጠኑ፤ ውጤቱንም በ1965 በመጽሐፍ አወጡ። ቡችላ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ማን ወዳጁ፣ ምን የሚያስፈራው እንደሆነ ይለያል። በዚያው ቦታ የተሠራና በ1961 የታተመ ሌላ ጥናት ነገሩን በግልጽ አሳየ። ቡችሎች በረጅም የእንጨት አጥር በተከለለ ሜዳ፣ ምግባቸው ሰው ሳያዩ እየተሰጣቸው አደጉ። በተለያየ ዕድሜ ለአንድ ሳምንት ያህል ከሰው ጋር የቆዩት ሰው ለመዱ። እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ያላዩት ግን እንደ አውሬ ሆኑ፤ ሰው ሲቀርባቸው ይሸሹ ነበር፤ በገመድ መሄድ ማስተማሩም እጅግ አስቸገረ። ምግብ አልጎደለባቸውም፤ ሜዳውም ሰፊ ነበር። የጎደላቸው ሰው ነው፤ የጎደለውም በጊዜው ነው።

ይህን እውቀት ሥራ ላይ ያዋለው ከእኛ ከተማ ባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ሳን ራፋኤል የሚገኘው ለዓይነ ሥውራን መሪ ውሾችን የሚያሠለጥን ተቋም ነው። ክላረንስ ፋፈንበርገር እዚያ ሲሠራ፣ ለሥልጠና ከሚቀርቡት ውሾች ለመሪነት የሚበቁት ጥቂቶች መሆናቸው ያሳስበው ነበር። ከስኮት ጋር ተባብሮ ቡችሎቹን ከስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ መፈተን ጀመረ፤ ፈተናውን ያለፉትንም ልጆች በቤታቸው እንዲያሳድጓቸው ይሰጥ ነበር። ውጤቱን ሲያገላብጡ አንድ ነገር ታያቸው። ፈተናውን እኩል ካለፉት መካከል 12 ሳምንት እንደሞላቸው ወዲያው ወደ ቤተሰብ የሄዱት አብዛኞቹ መሪ ውሻ ሲሆኑ፣ ለተጨማሪ ሳምንታት ተቋሙ ግቢ ውስጥ የቆዩት ግን ብዙዎቹ ወደቁ። መንገድ ሲያቋርጡ የዓይነ ሥውሩን ሕይወት የሚይዝ ውሻ የሚሠራው ወይም የሚበላሸው በሕፃንነቱ እንደሆነ ፋፈንበርገር በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ ለሕዝብ አደረሰ።

እውቀቱ ተገኘ፤ የሚቀረው በሰንሰለቱ ፋንታ የሚያዝ ነገር ነበር። እሱን በተግባር ካሳዩት መካከል የባሕር እንስሳት አሠልጣኞች ይገኙበታል። ዶልፊን አንገቱ ላይ ሰንሰለት አይገባለትም፤ ከከፋው ዋኝቶ ይሄዳል። ስለዚህ በሃዋይ በዶልፊን አሠልጣኝነት የሠራችው ካረን ፕራየር፣ ከሥነ ልቦናው ሊቅ ከስኪነር ትምህርት የተቀዳውን መንገድ ያዘች፦ ትክክለኛው ድርጊት በተፈጸመበት ቅጽበት ፊሽካ፣ ከዚያ ዓሣ። በ1984 ያሳተመችው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ለውሻ ባለቤቶች አቀረበው።

በዚያው ጊዜ ኢያን ደንባር የሚባል እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም፣ በበርክሌይ የውሻን ባሕርይ ያጠና ምሁር፣ አላስካን ማላሙት ቡችላ አገኘና የሚያስተምርበት ክፍል ፈለገ። የሚቀበለው ግን አጣ። በ1982 የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ቡችሎቹም ያለ ገመድ የሚማሩበት ነበር። ከኦክላንድ በቴሌግራፍ ጎዳና ሽቅብ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹን አልፎ የሚሄድ ሰው የሚደርሰው እዚያው በርክሌይ ነው። የዓለም የቡችላ ትምህርት ዛሬ የያዘውን መልክ የያዘው በጎረቤታችን ነው ማለት ነው።

የደንባርን መንገድ ከእጄ ሥራ ላሳያችሁ። ከምስር ፍሬ ያልበለጠች የዶሮ ሥጋ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል እይዛለሁ። ቡችላው አፍንጫ ላይ አስጠግቼ ቀስ ብዬ ወደ ላይ፣ ወደ ግንባሩ አቅጣጫ አነሣለሁ። አፍንጫው ሥጋውን ሲከተል ራሱ ቀና ይላል፤ ራሱ ቀና ሲል ወገቡ ይወርዳል፤ ተቀመጠ። በዚያች ቅጽበት ሥጋው የእሱ ነው። ጥቂት ከለመደ በኋላ ባዶ እጄን በዚያው መንገድ አነሣለሁ፤ ከእጄ እንቅስቃሴ በፊት «ቁጭ» የሚለውን ቃል አስቀድማለሁ። ማንም አልነካውም፤ ማንም አልጮኸበትም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የምንል ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ከሥጋው እኩል ዋጋ ያለው ጨዋታው ነው። ቡችሎቹ ሲላፉ አንዱ አብዝቶ ከነከሰ፣ የተነከሰው ይጮኽና ጨዋታውን ትቶ ይሄዳል። ነካሹ ብቻውን ይቀራል። እንዲህ እያለ ጥርሱን ማለዘብ ይማራል፤ ጥርስ የማለዘብ ትምህርት ደግሞ አንድ ቀን የሕፃን እጅ አፉ አጠገብ ሲገባ ልጁን የሚያድን ነው።

ወደ ቡችላ ክፍል የሚወስደውን መንገድ ለጊዜው ያጠበበው በሽታ ነው። በ1978 ፓርቮ የሚባል አዲስ ቫይረስ በዓለም ተዛምቶ ብዙ ቡችሎችን ፈጀ። ሐኪሞች ክትባቱ እስኪያልቅ፣ ማለትም አራት ወር ገደማ እስኪሆነው፣ ቡችላውን ከቤት አታውጡ ማለታቸው በቂ ምክንያት ነበረው። ግን ክትባቱ ሲያልቅ የመላመጃው ጊዜም አልቋል። በ2008 የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር ነገሩን አስታረቀ፦ ቡችላ የመጀመሪያ ክትባቱን ከወሰደ ቢያንስ ሰባት ቀን ካለፈው፣ ከሰባት ወይም ከስምንት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ ንጹሕ ክፍል ገብቶ ሊማር ይችላል። በባሕርይ ችግር ምክንያት የሚጣለውና የሚገደለው ወጣት ውሻ በተላላፊ በሽታ ከሚሞተው ይበልጣል ሲልም ማኅበሩ አስጠነቀቀ። እኛ ክፍል በር ላይ መጀመሪያ የማየው የክትባት ካርዱን ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንድ ቅዳሜ ክፍሉን አሳየኋት። ጥግ ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ተመለከተችና፣ «ሰው ሁሉ ከለመደ ታዲያ ቤት ማን ይጠብቃል ልጄ?» አለችኝ። የአገራችን ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው። «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ በሩ ላይ የሚጻፍበት ቤት፣ ቡችላውን ጡት እንደጣለ ጓሮ ያስረዋል፤ ሰው እንዳይለምድ፣ እንዲከፋ። ከእብድ ውሻ በሽታ ፍርሃት ጋር ልጆችም እንዳይቀርቡት ይደረጋል፤ ያ ፍርሃት ደግሞ በእኛ አገር በከንቱ አልመጣም። «እማዬ፣ ያደገበትን ቤት የሚወድ ውሻ በሩ ሲንኳኳ ይጮኻል» አልኳት። «ታስሮ ያደገው ግን ሌባውንና የጎረቤቱን ልጅ አይለይም፤ ሁለቱንም ስለሚፈራ ሁለቱንም ይነክሳል።»

ባር ሃርበር ላይ በአጥር ተከልለው ያደጉት ቡችሎችና ጓሮ ታስሮ የሚያድገው ቡችላችን የአንድ ታሪክ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ እነዚያ ለጥናት ሲባል የተከለሉ መሆናቸው ነው፤ እኛ ግን ጥናቱ ካለቀ ስልሳ ዓመት በኋላም እንደግመዋለን።

አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ሀዋሳ ላላችሁ፣ የቡችላ ክፍል በሰፈራችሁ ባይኖርም ታሪኩ ያስተማረው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። የእብድ ውሻ በሽታን ጨምሮ ክትባቱን ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ አስከትቡ። የማታውቁት ውሻ ባለበት መሬት ላይ አታውርዱት፤ አቅፋችሁት ግን መንገዱን፣ ባጃጁን፣ የቡና ጠጪውን ጫጫታ አሳዩት። ወደ ቤት የሚመጣ እንግዳ ከእጁ ቁራሽ እንዲያበላው ለምኑ፤ ነጠላ የለበሰችም፣ ዱላ የያዘ ሽማግሌም፣ ሕፃንም ይቅረበው። በእጃችሁ ቁራሽ ይዛችሁ «ቁጭ» እና «ና» የሚሉትን አስተምሩት። ሰንሰለቱን ከአንገቱ አውርዱ። ይህን ሁሉ ደግሞ ሦስት ወር ሳይሞላው ጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ ያው ትምህርት ብዙ እጥፍ ድካም ይጠይቃል።