በአዲስ አበባ ትንንሽ ቤት አከራዮች ተከራይን ስለ መምረጥ የነበራቸው ልማድ

የአዲስ አበባን ታሪክ የጻፉ ሰዎች በብዛት የተናገሩት ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ መኳንንቱ ግቢ፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ስለ ገበያውና ስለ ባቡሩ ነው። ከከተማው ሕዝብ እጅግ ብዙው በሰው ቤት ተከራይቶ የኖረ መሆኑ ግን እንደ ዋዛ ካልሆነ በቀር አይነሣም። ስለ ኪራይ ሲወራም ወዲያው የሚታሰበው ሰፊ መሬትና ብዙ ቤት የነበረው ትልቁ ባለርስት ነው። ከእርሱ በታች ግን ሌላ ዓይነት አከራይ ነበረ፤ ይኸውም ራሱ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ክፍል አስጠግቶ ሠርቶ የሚያከራይ፣ ብዙ ጊዜም ባሏ የሞተባት ሴት፣ የጦር ሜዳ ጡረተኛ ወይም ጠላና ጠጅ ሸጣ ጎጆ የቀለሰች ባልቴት ነው። ትልቁ ባለርስት ኪራዩን በወኪል ያስሰበስባል፤ ከብዙ ተከራይ አንዱ ቢጠፋበትም ኑሮው አይናጋም። ለትንሹ አከራይ ግን ተከራዩ የወር ቀለቡ ነው፤ ከዚህም በላይ ጎረቤቱ፣ ከአንድ ቧንቧ ውኃ የሚቀዳ፣ በአንድ በር የሚገባና የሚወጣ ሰው ነው። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ አከራይ ዋና ሥራ ኪራይ መሰብሰብ ሳይሆን ሰው መምረጥ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የልማዱን ሥር ለማወቅ ከከተማው ወጥቶ ወደ ባላገር መመልከት ያስፈልጋል። የመሸበት መንገደኛ ከሰው ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ይባላል። ይህ መስተንግዶ ግን ያለ ጥያቄ አልነበረም። እንግዳው እግሩን ታጥቦ እራቱን ከበላ በኋላ ከወዴት እንደ መጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ በጨዋ አነጋገር ይጠየቃል። ጥያቄው የወሬ ፍቅር ብቻ አይደለም። ቀድሞ አንድ ነገር የተሰረቀ እንደ ሆነ አገሬው ለአውጫጭኝ ይሰበሰባል፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ የሚያውቀውን እንዲናገር ይገደዳል፣ የቀረው ይቀጣል፣ ሌባው ሳይገኝ ቢቀርም የጠፋውን አገሬው በኅብረት ይከፍላል። እንግዲህ የማያውቀውን ሰው ያሳደረ ባለቤት በራሱም በጎረቤቱም ላይ ዕዳ ሊያመጣ ይችል ነበር። ወደ ከተማ የገባው ሕዝብ ይህን ጥንቃቄ ይዞት ገባ። ልዩነቱ፣ በገጠር ጥያቄው ከእራት በኋላ ሲቀርብ በከተማ ገና ከደጅ ላይ መቅረቡ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ የደጅ ጥያቄ ብዙ አያስፈልግም ነበር። ከተማዋ በሰፈር የተከፈለች እንደ ጦር ሰፈር ያለች ነበረችና፣ እያንዳንዱ መኰንን በተሰጠው ቦታ ላይ ወታደሩንና አሽከሩን ያሰፍራል። የራስ መኰንን፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የደጃች ውቤ ስም እስካሁን በድልድይና በሰፈር ላይ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው። ሰውየው «የማን ሰው ነህ?» ሲባል የጌታውን ስም ይጠራል፤ ያም ስም ቤቱም ዋሱም ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. ግን በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ የከተማ መሬት በግል የሚያዝበት፣ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ደንብ ወጣ። ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የማንም ሰው ያልሆነ ሰው በብዛት ወደ ከተማው ይገባ ጀመር፤ ሸቃጭ፣ ተሸካሚ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ ከባሏ ተጣልታ የመጣች ሴት። እነዚህ የሚጠሩት የጌታ ስም የላቸውም። ስለዚህ «የማን ሰው ነህ?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ በምትኩ «ዋስህ ማን ነው?» የሚለው መጣ።

ዋስ በኢትዮጵያ ልማድ ብርቱ ነገር ነው። ብድር፣ ሙግት፣ ሹመት፣ ሁሉም ያለ ዋስ አይሄድም ነበር። ቤት ለመከራየት የሚጠራው ዋስ ብዙውን ጊዜ የተከራዩ የአገር ልጅ ሆኖ በሰፈሩ ቀደም ብሎ የታወቀ፣ ቢቻልም ራሱ ቤት ያለው ሰው ነው። ይህ ሰው ገንዘብ እንዲከፍል እምብዛም አይጠየቅም። ተከራዩ ሰክሮ ግቢውን ያወከ፣ ወይም ሁለት ወር ያሳለፈ እንደ ሆነ አከራይዋ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ዋሱ ቤት ትሄዳለች፤ ዋሱም «እኔን አዋረድኸኝ» ብሎ ተከራዩን ይገሥጻል። ዋስትናው እንግዲህ ከገንዘብ መያዣነቱ ይልቅ የዕርቅ በር ነበር ማለት ነው። በአዲስ አበባ የአንድ አገር ሰዎች በአንድ መንደር ተሰብስበው መገኘታቸውም በከፊል ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም፤ ዋስ የሆነው ሰው ዋስትና የሚፈልገውን ወደ ራሱ አጠገብ ይስበዋልና።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ስለ ዋስትና ደግሞ በአንቀጽ 1922 ላይ፣ ዋሱ የሚገደድበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተገለጠ ዋስትናው ዋጋ እንደሌለው ይናገራል። እንግዲህ በግቢው ሁሉ ይሠራበት የነበረው በቃል የሚሰጥ፣ ልክ የሌለው ዋስትና በሕግ ዓይን ከንቱ ነበር። ይሁን እንጂ አከራይዋ ወደ ፍርድ ቤት የምትሄድ አልነበረችም፤ አሥር ብር ለማስከፈል ስንት ቀን ችሎት እንደሚያስቆም ታውቃለች። ሕጉ የገንዘብ ልክ ሲፈልግ እርስዋ የምትፈልገው ሰውየውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ምርጫው ለምን ይህን ያህል እንደ ከበደ የሚያስረዳው ቤቱ ራሱ ነው። የሚከራየው ክፍል በባሕር ዛፍ ማገር ተማግሮ በጭቃ የተመረገ፣ በቆርቆሮ የተከደነ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ የሆነ ነው። በዚህ ግድግዳ ውስጥ ሳል እንኳ ያልፋል። መጸዳጃው አንድ፣ የውኃው ቧንቧ አንድ፣ የመብራቱ ቆጣሪ አንድ፣ የግቢው በር አንድ ነው። «ስንት ናችሁ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ውኃውም ጉድጓዱም በራስ ቍጥር ይታሰባሉና። በሩ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ እንግዳ ማሳደር ይፈቀድ እንደ ሆነ፣ ልብስ የት እንደሚሰጣ የሚነገረውም ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄው በቀጥታ አይቀርብም። አከራይዋ «ቤቱን እይ» ብላ ካስገባችው በኋላ በርጩማ ታቀርብለታለች። «አገርህ ወዴት ነው ልጄ?» «ቡልጋ ነኝ እሜቴ።» «ከቡልጋስ ከወዴት?» እንዲህ እያለች ወደ ቀበሌው፣ ከቀበሌውም ወደ ደብሩ ትወርዳለች፤ አንድ የምታውቀው ቄስ፣ አንድ በጋብቻ የተዛመደ ሰው እስኪገኝ ድረስ አታቆምም። ከተገኘ ሰውየው ከእንግድነት ወጣ። ካልተገኘ «ነገ ተመለስ፤ ሌላ ሰው ቀድሞህ አይቶታል» ይባላል፤ ይህም የእንቢታ ጨዋ አነጋገር ነው። ከዚህ በኋላ ሥራው ይጠየቃል። የወር ደመወዝተኛ ከቀን ሠራተኛ ይመረጣል። ወታደር ደመወዙ የታወቀ ቢሆንም በድንገት ወደ ጠረፍ ይላካል። የፖሊስ ባልደረባ ደግሞ ግቢውን ያስከብራል፤ አልከፍልም ያለ ቀን ግን የሚያስወጣው አይገኝም ተብሎ ይፈራ ነበር። ባለትዳር በጠባዩ ይመረጣል፣ በልጆቹ ብዛት ይፈራል። ወንደላጤ ውኃ አያባክንም፤ ማታ ማታ የሚያመጣቸው እንግዶች ናቸው የሚያሠጉት።

ከሁሉ ይልቅ በሩ የሚዘጋባት ለብቻዋ የመጣች ሴት ነበረች። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ከገቡት መካከል ከባላቸው የተፋቱ ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ በከተማው መተዳደሪያ የሚያገኙትም በመጠጥ ቤት፣ በግርድና ወይም በጕልት ንግድ ነው። አከራዮቹ ሁሉንም በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። የሚያስገርመው ይህን ፍርድ ከሚሰጡት ብዙዎቹ ራሳቸው በዚያው መንገድ አልፈው፣ ጠጅ ሸጠው ቤት የሠሩ ሴቶች መሆናቸው ነው። የከተማውን ክፉ ሐሜት ስለሚያውቁት ነው እንዳይባል፣ ሐሜቱን የሚያጸኑት እነርሱው ነበሩ። ስለዚህ ቤት የምትፈልገው ሴት «ወንድሜ» የምትለውን አንድ ሰው አስከትላ ትመጣለች፤ ሰውየው እውነተኛ ወንድም መሆኑን ማንም አይመረምርም። የሚፈለገው የሚጠራ ወንድ መኖሩ ብቻ ነው።

የእጅ ሥራ ሠሪዎችም እንዲሁ ይቸገሩ ነበር። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በቡዳነት ስለሚጠረጠሩ፣ ልጅ ያለባት አከራይ ዓይናቸውን ትፈራለች። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሥራ ሠሪን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው፤ አዋጅ ግን ከግቢ በር አልፎ አይገባም። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዱ ሥራውን ደብቆ «ነጋዴ ነኝ» ብሎ ይገባል፤ አንዳንዱም ከመሰሎቹ ጋር ከከተማው ዳር ይሰፍራል።

ይህ ሁሉ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአንድ ቀን ቆመ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 47 ለአንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አልፈቀደም፤ ከቤት ኪራይ ገቢ ማግኘትንም ከለከለ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ ዝቅተኛው ኪራይም ተቀነሰ። ስለ አዋጁ ሲነገር የትልልቆቹ ባለቤቶች መውደቅ ይወሳል እንጂ፣ ከጓሮዋ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ያጣችው ባልቴት እምብዛም አትነሣም። ተከራይዋ በዚያው ግቢ ቀርቷል፤ ኪራዩን ግን ለቀበሌ ይከፍላል። «እሜቴ» ይላት የነበረው ሰው በስብሰባ ላይ «ጓድ» ሊላት የሚገባ ሆነ። ቧንቧውም በሩም እንደ ቀድሞው አንድ ነው።

የመምረጡ ሥልጣን ግን አልጠፋም፤ ባለቤቱን ቀየረ እንጂ። ቀበሌው የቤተ ሰቡን ስም በመዝገብ ይጽፋል፣ መታወቂያ ይሰጣል፣ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው የሚሄደውም መሸኛ እንዲያመጣ ይጠይቃል። መሸኛ የሌለው ሰው ቀድሞ ዋስ እንዳልነበረው ሰው ነው። በግል የማከራየቱም ነገር ፈጽሞ አልቀረም፤ ዘመድ በሚመስል ስም፣ በደባልነት፣ በቀስታ ይከናወን ነበር። «የእኅቴ ልጅ ነው» ተብሎ የተመዘገበ ስንት ተከራይ እንደ ነበረ የሰፈሩ ሰው ያውቃል። በዚህ ጊዜ አከራዩ ከቀድሞው ይልቅ መጠንቀቅ ነበረበት፤ የተጣላው ተከራይ ኪራይ መከልከል ብቻ ሳይሆን ሊያጋልጠውም ይችላልና።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግልጽ ኪራይ ሲመለስ የድሮው ጥያቄም አብሮ ተመለሰ፤ ቃሉ አንድ ቢሆንም ፍቺው ግን አንድ አልነበረም። «አገርህ ወዴት ነው?» የሚለው ቀድሞ የሚያገናኝ ገመድ መፈለጊያ ነበር። መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ በነበረበት ዘመን ግን ጥያቄው ለመለየትም ይጠየቅ ጀመር፤ ተከራዩም ይህን ስለሚያውቅ መልሱን አሳጥሮ «እዚሁ ነው ያደግሁት» ማለትን ለመደ። ዋሱ የነበረበትን ቦታ ከፊሉን ደላላ ያዘው። ደላላ ግን ሰውየውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ዋጋውን ነው፤ ተከራይ ቶሎ ቶሎ ቢለዋወጥም የሚጠቀመው እርሱ ነው።

የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከተሠሩ ወዲህ ደግሞ ከተከራዩ ጋር አንድ ግቢ የማይኖር ትንሽ አከራይ ተፈጠረ። ዕጣ ደርሶት ቤቱን ያከራየ፣ እርሱ ራሱ ግን በሌላ ሰፈር በርካሽ የተከራየ ሰው ብዙ ነው፤ አከራይም ተከራይም በመሆኑ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱንም ጥያቄ ይጠይቃል፣ ይጠየቃልም። የዚህ አከራይ ጥያቄ አጭር ነው። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ቆጣሪው ለየብቻ ነውና ስለ ጠባይ ብዙ አይመረምርም፤ የስንት ወር ቅድሚያ እንደሚከፈለው ነው የሚጠይቀው። ዋስ ያጣ ሰው በገንዘብ የሚገባበት በር ተከፈተ ማለት ነው፤ ገንዘቡ የሌለው ግን ሁለቱም በር ተዘጋበት።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320 ይህን ቅድሚያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ አድርጓል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ ጭማሪውንም በዓመት አንድ ጊዜ በሚወሰን ልክ ገድቧል። አዋጁ የተከራዩን ኑሮ ለማጽናት የታሰበ ነው። በአንድ ግቢ ለሚኖረው ትንሽ አከራይ ግን ሌላም ነገር አስከተለ። ያልተስማማውን ተከራይ ዋጋ በመጨመር ማስለቀቅ የለመደ ሰው ያን መንገድ አጥቷልና፣ ሚዛኑ ሁሉ ወደ መጀመሪያው ቀን ጭውውት ተመለሰ። «ስንት ናችሁ? ሥራችሁ ምንድን ነው? የሚያውቃችሁ ሰው በሰፈሩ አለ?» እየተባለ በርጩማ የሚቀርበው አሁንም ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው።