የገፈርሳ ግድብ

የገፈርሳ ግድብ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 18 ኪ.ሜ. ያህል ርቆ፣ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ አጠገብ በቡራዩ የሚገኝ የመጠጥ ውሃ ግድብ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ ትንሹ አቃቂ የሚወርደውን ውሃ ይይዛል። የሚያስተዳድረው የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። «ገፈርሳ» በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ሲሆን፣ አካባቢው በአንድ ወቅት የምን መሰማሪያ እንደነበረ ስሙ ይጠቁማል። ግድቡ ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚያቀርቡት ሦስት ግድቦች በዕድሜ አንጋፋው፣ በመጠን ደግሞ ትንሹ ነው።

ታሪክ

አዲስ አበባ በመጀመሪያ ዓመታቷ የምትጠጣው ከእንጦጦ ግርጌ የሚፈልቁ ምንጮችንና እንደ ቀጨኔና ቀበና ያሉ ወንዞችን ነበር። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የውሃ ቧንቧ ዘረጋ። ሕዝቡ ግን ለረጅም ጊዜ ከምንጭና ከወንዝ መቅዳቱን ቀጠለ። ዛሬ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቀጨኔ፣ በሸክላ ሠሪዎቹና በሸማኔዎቹ የታወቀው ሰፈር፣ የወንዙን ስም እንደያዘ አለ። ወንዙ ግን በቤትና በፋብሪካ ፍሳሽ ስለተበከለ ለመጠጥ አይሆንም። ከተማዋ ግድቦቿ ቢታወኩባት ወደ ቀድሞ ወንዞቿ መመለስ አትችልም።

የገፈርሳ ዋና ግድብ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ተሠርቶ በ1940ዎቹ ከፍታው ተጨምሯል። በ1950ዎቹ የማጣሪያ ጣቢያው ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዐሥርት ከዋናው ግድብ በላይ «ገፈርሳ ሦስት» የተባለው ሁለተኛ ግድብ ተገነባ። የዚህ የላይኛው ግድብ አንዱ ጥቅም ደለል ወደ ዋናው ሐይቅ ከመድረሱ በፊት መያዝ ነው። ከዚያ በኋላ የለገዳዲ ግድብ (እ.ኤ.አ. 1970) እና የድሬ ግድብ (እ.ኤ.አ. 1999) ተጨመሩ። የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶችም ሰፊ ድርሻ ስለያዙ የገፈርሳ ድርሻ ከከተማዋ አጠቃላይ ውሃ ጥቂት እጅ ብቻ ሆኗል።

ዋናው ሐይቅ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። የማጣሪያ ጣቢያው አቅም በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አኃዙ ትንሽ ቢመስልም ገፈርሳ አንድ ብልጫ አለው። ከአብዛኛው የከተማዋ ክፍል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ምዕራብ አዲስ አበባ ይወርዳል። ከለገዳዲ የሚመጣው ግን ከፍ ወዳሉት የእንጦጦ ግርጌ ሰፈሮች በፓምፕ መገፋት ስላለበት፣ መብራት ሲጠፋ ውሃውም አብሮ ይጠፋል።

«ትንሽ» ግድብ ሲባል

ዓለም አቀፉ የታላላቅ ግድቦች ኮሚሽን ከመሠረቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝም ግድብን «ታላቅ» ይለዋል። ከ5 እስከ 15 ሜትር የሚረዝመውም ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ካጠራቀመ እዚያው ይመደባል። በዚህ መለኪያ ገፈርሳ በያዘው የውሃ መጠን ብቻ ከታላላቆቹ ወገን ነው። ትንሽ የሚመስለው ከህዳሴ ግድብ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ እሱ ግን ማነጻጸሪያ ሊሆን አይገባውም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናልና ሐይቁ ሲሞላ ከግድቡ ጀርባ የሚተኛው ክብደት ከ6 ሚሊዮን ቶን ያላነሰ ነው።

እንደ ገፈርሳ ዋና ግድብ በድንጋይና በኮንክሪት የተሠራ ግድብ የውሃውን ግፊት የሚቋቋመው በራሱ ክብደት ነው። ውሃው በጎን ሲገፋው ክብደቱ መሬት ላይ ያጸናዋል። ለዚህ ዓይነት ግድብ አደገኛው ነገር ብዙ ጊዜ ከሥር የሚመጣው ነው። ውሃ በመሠረቱ ስንጥቅ ሰርጎ ሲገባ ግድቡን ወደ ላይ ስለሚያነሣው ክብደቱን ያቀልበታል። በጥንት ግድቦች ዘመን ይህ ወደ ላይ የሚያነሣ ግፊት በስሌት ውስጥ ብዙም አይገባም ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ የቡዜ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1895 ከፈረሰ በኋላ ነው መሐንዲሶች በቁም ነገር የያዙት።

ከፍታ መጨመርም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ጠቅላላ ግፊቱ በውሃው ጥልቀት ልክ ሳይሆን በጥልቀቱ ስኩዌር ያድጋል፤ ግድቡን ለመገልበጥ የሚሠራው ኃይል ደግሞ በኪዩብ ያድጋል። ለምሳሌ የአንድ ግድብ ውሃ ጥልቀት በአንድ አምስተኛ ቢጨምር ግፊቱ በ44 በመቶ፣ የመገልበጫው ኃይል በ73 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ከፍ የተደረገ አሮጌ ግድብ ሲመረመር አዲሱና አሮጌው ግንብ የተያያዙበት መስመርና መሠረቱ ከሌላው ሁሉ በፊት ይታያሉ።

ለምርመራ የተለመዱት ምልክቶች ብዙዎቹ ለዓይን የሚታዩ ናቸው። በግንቡ ፊት ላይ ነጭ ዝቃጭ ሲወርድ ውሃ በውስጡ እያለፈ ኖራውን እያጠበ መሆኑን ያመለክታል። ከግድቡ ግርጌ የሚወጣ ጥቂት ጥርት ያለ ውሃ በብዙ ግድብ ላይ ያለ ነው። ውሃው ሲደፈርስ፣ ዝናብ ሳይኖር ሲበዛ ወይም አዲስ ቦታ ላይ ሲታይ ግን በዚያኑ ቀን መሐንዲስ መጠራት አለበት። በተለይ በአፈር ግድብ ላይ ድፍርስ ውሃ ማለት ግድቡ ከውስጥ እየተሸረሸረ ነው ማለት ነው። ዛፍና ቁጥቋጦም ለአፈር ግድብ ጠላት ናቸው፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይከፍታል።

ደለል

የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚዘንብ ሐይቁ በአንድ ክረምት ሞልቶ እስከሚቀጥለው ክረምት ይጠጣል። ያው ዝናብ ከተፋሰሱ እርሻና ግንባታ አፈር ይዞ ይመጣል። ደለል የሐይቁን አቅም ይቀንሳል፣ የታችኛውን የውሃ ማስወጫ ይዘጋል፣ ማጣሪያ ጣቢያውንም ተጨማሪ ኬሚካል ያስወጣዋል። የማስወጫው መዘጋት ከሁሉ ይከፋል፤ ግድቡ ላይ ችግር ቢታይ ሐይቁን በፍጥነት ዝቅ ማድረጊያው እሱ ነውና።

በዚያው በአቃቂ ተፋሰስ፣ ከከተማዋ በታች የሚገኘው የአባ ሳሙኤል የኃይል ማመንጫ ግድብ በደለልና በእንቦጭ ተጎድቶ ለዐሥርት ዓመታት ሥራ ካቆመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ድጋፍ ታድሷል። ለጎንደር ከተማ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብም በደለል እየሞላ ከተማዋን የውሃ እጥረት ላይ ጥሏታል።

የገፈርሳን ተፋሰስ ለመጠበቅ አስቸጋሪ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የአስተዳደር ወሰን ነው። ግድቡ የአዲስ አበባ ሲሆን መሬቱ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው። ቡራዩም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሸገር ከተማ አካል ነው። ውሃውን የሚጠጣው አንዱ፣ የመሬት አጠቃቀሙን የሚወስነው ሌላው ነው።

ከግድቡ በታች

የግድብ አደጋ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል፤ የመፍረስ ዕድሉንና ቢፈርስ የሚደርሰውን ጉዳት። ገፈርሳ ሲሠራ በታችኛው በኩል የነበረው በአብዛኛው እርሻና ግጦሽ ነበር። ዛሬ የቡራዩና የምዕራብ አዲስ አበባ ቤቶች እስከ ወንዙ ዳርቻ ወርደዋል። ግድቡ አንድ ድንጋይ ሳይነቃነቅ አደጋው በሌላ በኩል አድጓል ማለት ነው። ስለዚህ የድሮው የማስተንፈሻ ስሌት የዛሬውን ነዋሪ ለመጠበቅ ይበቃል ወይ የሚለው እንደገና መመርመር ይኖርበታል።

ክብደቱን ለመረዳት ሁለት የውጭ አገር ምሳሌዎች ይበቃሉ። በኬንያ ናኩሩ አውራጃ ሶላይ ላይ የአንድ እርሻ የነበረው የፓቴል ግድብ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሌሊት ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎችን ገደለ። በጳጉሜን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሊቢያ ደርና ከተማ በላይ የነበሩ ሁለት ግድቦች በከባድ ዝናብ ተደርምሰው ሺዎች አለቁ። የደርና ግድቦች መሰንጠቅ ከዓመታት በፊት ታውቆ ነበር።

በክረምት መውጫ ሐይቆቹ ሲሞሉ ትርፉ ውሃ በማስተንፈሻው ይወርዳል። ይህ ግድቡ እንደታሰበለት መሥራቱ እንጂ የመፍረስ ምልክት አይደለም፤ ወንዙን የሚሻገር ሰውና ከብት ግን በዚያን ሰሞን ሊጠነቀቅ ይገባል።

የመሬት መንቀጥቀጥ

አዲስ አበባ ከስምጥ ሸለቆ ዳር ናት። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አውድሟል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ፣ በቅርብ ስላለው የከሰም ግድብ ብዙ አነጋግሯል። ከእንዲህ ዓይነት መንቀጥቀጥ በኋላ ግድብ የሚመረመረው ወዲያው ብቻ አይደለም። ከግርጌው የሚወጣው ውሃ ከቀናት በኋላ ሊጨምር ስለሚችል መጠኑ ለሳምንታት በየቀኑ እየተለካ ይመዘገባል።